ተይዟል

ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለጥናቱ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ምዕራፍ ሁለት" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አንድ መስመር ሳልጨምር ሳምንቱ አለቀ። ዛሬ ገጹን ገነጠልኩት። ባዶውን ከሚቀመጥ የሆዴን ልጻፍበት።

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ኮርሶቹን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። "ብቻ" ያልኩት እኔው ነኝ። ጊዜው አንዴ ተራዝሞልኛል። ዛሬ የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ቀና እንኳን ሳትል "ይሄ የመጨረሻው ነው። በዚህ የትምህርት ወቅት ካላስገቡ ስምዎ ይሰረዛል" አለችኝ። ይህን ስትል እጇ ስቴፕለሩን ይመታ ነበር።

ከተሰረዝኩ ያለ ዲግሪው ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ማንም ምንም አይለኝም፤ ሻይ ይቀዱልኛል፣ ወንበር ይስቡልኛል። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ርዕሴ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ለምን ጥያቄ አይጠይቁም የሚል ነው። ሰሌዳ ፊት ቆሜ "ጥያቄ ያለው?" ስል ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጣሪያውን የሚያይ አለ፣ ጫማውን የሚያይ አለ። እጅ የሚያወጣ ግን የለም።

ማክሰኞ

ቤተ መጻሕፍቱ ጽሑፍ ለጀመሩ ተማሪዎች ጉብኝት አዘጋጅቶ ነበርና ሄድኩ። ከሁሉም ትልቋ እኔ ነኝ። የመራችን የመረጃ ጠረጴዛው ባለሙያ ናት። ድምጿ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ተከተልናት። በልቤ ሹክሹክታ ብያታለሁ።

ያልነገረችን ነገር የለም። የጥናት መጽሔቶችን ቤታችሁ ሆናችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፤ እዚህ የሌለውን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እናስመጣለን፤ ለብቻ የሚሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች አሉ፣ ቀድማችሁ አስይዙ፤ ርዕሳችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ አብሬያችሁ ቁጭ ብዬ እፈልጋለሁ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ይመዘግባሉ። እኔ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ። ተማሪዎቼ ምንም ሳይገባቸው ሲቀር የሚነቀንቁት ዓይነት መነቅነቅ ነው።

መጨረሻ ላይ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችንና "ለልምምድ ያህል አንድ አንድ መጽሐፍ ፈልጉና 'ይያዝልኝ' የሚለውን ተጫኑ። ሲደርስ መልእክት እንልክላችኋለን" አለች። አማካሪዬ "ቀዩ መጽሐፍ" እያለ የሚጠራውን ፈለግኩ። ስለ ክፍል ውስጥ ዝምታ የተጻፈ ነው፣ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ተጫንኩ። ምንም አልሆነም። ስልኬንም አየሁት፣ ምንም የለም። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ስለነበር ተነሳሁለት።

ሐሙስ

ቀዩን መጽሐፍ ልወስድ ሄጄ ኮምፒውተሩ ላይ ስፈልገው "ተይዟል" ይላል። ከትናንት በስቲያ የነበረ መጽሐፍ። መደርደሪያው ድረስ ወጥቼ አየሁ፤ ቦታው እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኗል። ያ ከኋላዬ ቆሞ የነበረው ልጅ ነው የቀደመኝ፣ ስክሪኔን አሾልኮ አይቶ።

ይሁን። ቢበዛ ሳምንት ይይዘዋል።

ሐሙስ፣ ሳምንቱ

ተይዟል።

ዓርብ

ተይዟል። እስካሁን ያልጨረሰው ፊደል እየቆጠረ ነው? ስም አውጥቼለታለሁ፤ ያዡ። የባንክ ቤት ገንዘብ ያዥ እንዳለ ሁሉ ይሄ ደግሞ መጽሐፍ ያዥ ነው።

ሰኞ

አማካሪዬ ቢሮ ነበርኩ። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል፣ ግን "መምህር" ነው የሚለኝ፣ አንቱ ብሎ። አክብሮቱ እንደ ጠባብ ጫማ ያስጨንቀኛል። የላክሁለትን ምዕራፍ አንድ አገላብጦ "አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ ግን የቆመው በእርስዎ ልምድ ላይ ብቻ ነው" አለ። "ቀዩን መጽሐፍ አዩት?"

"ተይዟል።"

"እስቲ የቤተ መጻሕፍቱን ሰዎች ያነጋግሯቸው።"

ሌሎች ምንጮች ስጠይቀው... አይ፣ አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው ስል እሱ ራሱ ቀደመኝና "የመጽሔቶቹንም ነገር እነሱ ያሳዩዎታል" አለ። ስወጣ በሩን ከፈተልኝና ለሦስተኛ ጊዜ "ሄደው ያነጋግሯቸው እንግዲህ" አለኝ።

በመንገዴ ላይ ሳስበው ገባኝ። ከራሱ ላይ ሊያወርደኝ ነው። አንድ ሰው ሥራው ሲሰለቸው ወደ ሌላ ቢሮ ይመራሃል፤ እኔም ወላጆች ሲያስቸግሩኝ ወደ ርዕሰ መምህሩ እንደምልካቸው ነው። አልተቀየምኩትም፣ ግን አንጀቴ ቅጥል ብሏል።

ረቡዕ

ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ሹክሹክታ ሄድኩ። ከጠረጴዛዋ በላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ "ይጠይቁን" ይላል። ከፊቴ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛዋ ስለ መጽሔት መፈለጊያው ስትጠይቅ እኔ የማላውቃቸውን ቃላት እየደረደረች ነው። ሹክሹክታም በዚያው ቋንቋ መለሰችላት። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሴት፣ መጽሐፍ እንዴት እንደሚገኝ አላውቅም ብዬ፣ በዚህች ልጅ ፊት?

ተራዬ ደረሰ። "ምን ልርዳዎት?" አለች።

"መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?" አልኩ።

"ከኋላዎ፣ በስተግራ። ሌላስ?"

"የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

መጸዳጃ ቤቱ የት እንዳለ ከመጣሁ ጀምሮ አውቃለሁ። ያም ሆኖ እንዳታየኝ ብዬ ገባሁ፤ እጄን ታጠብኩ፣ ንጹሕ እጅ። ስወጣ እኔን እያዩ ሁለት ሴት ተማሪዎች "ልጇን ፍለጋ ነው መሰለኝ የምትመጣው" ሲባባሉ ሰማሁ። በክፋት አይደለም። የሚያሳዝነውም እሱ ነው።

ይህን የጥናቴ ማስረጃ አድርጌ መጻፍ እችል ነበር። ማን ያምነኛል እንጂ።

ቅዳሜ

ቤተ መጻሕፍት ዋልኩ፤ ማለት ተቀመጥኩ። ሦስት መጽሐፍ አወጣሁ፣ ሦስቱም ከእኔ ርዕስ ጋር ሰላምታ እንኳን የላቸውም። ሰው ሲያልፍ ገጽ እገልጣለሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴና ልጄ በልተው ጨርሰዋል። ባለቤቴ የሕንፃ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቅዳሜን ጨምሮ ይሠራል፣ ከዚያ መጥቶ ምግቡንም እሱ ነው የሚሠራው። የእኔ ሰሃን በሌላ ሰሃን ተከድኖ ምድጃው ላይ ነው። ከሳሎን ሆኖ "ተቀምጦልሻል" አለኝ። ይቺን ብቻ። ሁልጊዜ ይቺን ብቻ ነው የሚለው።

ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን "ለምን አመሸሽ?" ቢለኝ እኮ እከራከረው ነበር። አይልም። ተከድኖ የቆየ ሰሃን ግን ራሱ ይናገራል። ቆሜ በላሁ፣ ሰሃኑን አጠብኩ፣ ወደ ውስጥ ገባሁ። ልጄ "የዓርቡን እንዳትረሺ" አለችኝ። የትምህርት ቤታቸው የክርክር ውድድር ነው። የቤት ሥራ ይቅር ወይስ አይቅር በሚል ነው የሚከራከሩት፤ እሷ አይቅር በሚለው ወገን ወድቃለች። የቤት ሥራ ሠርታ የማታውቅ ልጅ። አልረሳም አልኳት።

ማክሰኞ

በመስኮቱ በኩል ያለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ ሰው አለ። ከእኔ ይበልጣል፣ ሃምሳውን ያለፈ ይመስለኛል። እስከ ዛሬ አንገት እየነቀነቅን ብቻ ነው የምንለያየው። ዛሬ ኮምፒውተሩን አየና በረጅሙ ተነፈሰ፤ እኔም በዚያው ቅጽበት ተነፈስኩ። ተያይተን ሳቅን።

"አንቺንም አስቸገረሽ?" አለኝ።

ነርስ ነው። ሆስፒታል ሌሊት ይሠራና ጠዋት ሳይተኛ ወደዚህ ይመጣል። እሱም እንደ እኔ ጽሑፉ ላይ ተቀርቅሮ ቀርቷል፣ የእሱም ጊዜ በዚህ ወቅት ያልቃል። "አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው የጎደለኝ" አለ። "አንዱ ይዞት ቁጭ ብሏል።"

"የእኔንም አንድ ራስ ወዳድ ይዞብኛል" አልኩት። "እነዚህ ሰዎች እኮ አያነቡትም። ቤታቸው ወስደው ከአልጋ ሥር ነው የሚያስቀምጡት።"

"ልጅ ይሆናል።"

"ልጅ ቢሆንስ? ሌላ ሰው ይፈልገዋል ብሎ ማሰብ ነው እንጂ።"

ያዡን እያማን ቆየን። ደስ አለኝ ብል አላጋንንም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ከሰው ጋር የተስማማሁት በዚህ ነው። የቱን መጽሐፍ እንደሚፈልግ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝ። የሰው ሥራ ውስጥ መግባት ነውር ነው።

ሐሙስ

በጥድፊያ ነው። ተይዟል። አስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ጽፌ ከተትኩ፦ "መጽሐፍ ይዘው ሌላውን የሚያስቀሩ ራስ ወዳዶች ለምን ዝም ይባላሉ? እርምጃ ይወሰድ።" ከሥሩ የቀዩን መጽሐፍ ርዕስ ጻፍኩ። ስሜን አልጻፍኩም። የእጅ ጽሑፌን ለወጥ አድርጌዋለሁ።

ነገ ክርክሩ።

ዓርብ

ዘግይቼ ደረስኩ። አንድ የመጨረሻ ነገር ልይ ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቼ፣ ያየሁትም ያንኑ ቃል ነው፣ ከዚያ አውቶቡሱ ዝናብ ውስጥ ቆመ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጄ መድረክ ላይ ነበረች፣ ደብተር ሳትይዝ፣ የቤት ሥራ ለምን እንደሚጠቅም እያስረዳች፤ እኔ ራሴ ላምናት ምንም አልቀረኝ። ባለቤቴን መሃል ረድፍ ላይ አየሁት፣ ሸሚዝ ብቻ ለብሷል። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ኮት ተጥሏል። ሌላ ክፍት ወንበር የለም። የተያዘ ቦታ ላይ ሰው እያስነሱ መግባት አልወድም፤ በሩ ጋ ካለው ምሰሶ አጠገብ ቆምኩ። እስከ መጨረሻው እዚያው ቆሜ አጨበጨብኩ።

ቡድናቸው አሸንፎ ለወቅቱ መዝጊያ ውድድር አለፈ። በመንገዳችን ላይ ልጄ "በሩ ጋ አየሁሽ። ለምን ቆምሽ?" አለችኝ።

"ቦታ አልነበረም እኮ።"

አባቷን አየችው። እሱ መንገዱን ያያል። ደክሟቸው ነው፣ ረጅም ቀን ነበር። ቤት ስንገባ ባለቤቴ ኮቱን በሩ ጀርባ ሰቀለና "ተቀምጦልሻል" አለኝ፣ ወደ ምድጃው እያመለከተ።

እኔ ግን አላስበላ አለኝ። ልጄ ካሸነፈች በኋላ ፊቷ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አልገባኝም። ማምሸቴ ይሆናል። ማምሸቴ ነው።

ሰኞ

ዝናብ። ምዕራፍ ሁለት ባዶ ነው። ለርዕሰ መምህሩ ደውዬ "ወደ ሥራ ብመለስስ?" ልለው ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ምን ብዬ እጀምራለሁ? መጽሐፍ ተያዘብኝና ዲግሪዬን ተውኩት ልበል? ለልጄስ ምን እላታለሁ?

ትቼው መሄድ እንደሚያምረኝ ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ላይ ልጻፈው፤ ያምረኛል።

ረቡዕ

ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለአስተያየቶች የተሰጡ መልሶች ተለጥፈው ነበር። የእኔም አለ፦ "ይህን መጽሐፍ የወሰደ ሰው የለም። ጠያቂው እባክዎ ወደ ጠረጴዛችን ብቅ ይበሉ።" ደሜ ፈላ። የወሰደ ሰው የለም? ታዲያ እኔ ስንት ሳምንት ሙሉ ዓይኔ ነው የዋሸኝ? ልጠይቅ ብሄድ ኖሮ እንደ ልማዴ እጄን ታጥቤ እመለስ ነበር። የሄድኩት ልጣላ ነው፤ ለጠብ እግሬ አልከበደኝም።

"የወሰደው የለም ብላችሁ ጽፋችኋል" አልኳት ሹክሹክታን። "ተይዟል የሚለው ታዲያ ምንድን ነው?"

ርዕሱን ጻፈችና አየች። "አዎ፣ ተይዟል። ለጠየቀው ሰው ተይዞ እዚህ አለ ማለት ነው። ሰው ወስዶት ቢሆን 'ወጥቷል' ነው የሚለው።"

"ማነው የጠየቀው?"

"እሱን እንኳን አንናገርም።" ትንሽ አሰበች። "መታወቂያዎን ያሳዩኛል?"

ሰጠኋት። ቁጥሬን አስገባች። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ስክሪኑን። ከዚያ ከወንበሯ ሳትነሳ እንዲሁ ዞር ብላ ከጀርባዋ ካለው መደርደሪያ ቀዩን መጽሐፍ አወጣችና ፊቴ አኖረችው። በመሃሉ ወረቀት ተሰክቷል። ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ ቁጥር ነው።

"እርስዎን ነው ስንጠብቅ የነበረው" አለች።

የዚያን ማክሰኞ ለልምምድ የተጫንኩት ነገር ልምምድ አልነበረም። መልእክት ልከዋል፣ ደጋግመው፣ ስንመዘገብ በተሰጠን የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል። እኔ ያን ኢሜይል ከፍቼው አላውቅም፤ የይለፍ ቃሉን የት እንዳደረግኩትም አላስታውስ። ለሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ሳምንት ይዘው ይመልሱት ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ላለ ግን እስከ ወቅቱ መጨረሻ ያቆዩለታል። ለእኔ ብለው አቆዩልኝ፣ እኔም ያቆየብኝን ሰው ስረግም ከረምኩ። ያዡ እኔ ነኝ። ያ ራስ ወዳድ፣ እርምጃ ይወሰድበት ያልኩት፣ እኔው ነኝ።

"ጥፋቱ የእኛም ነው" አለች ሹክሹክታ፣ ፊቴን አይታ። "ሲስተሙ ሲገባ ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ቃል መስሎኝ ነበር። ግን ጽሑፍዎ ስለምንድን ነው?"

"ተማሪዎች ለምን እንደማይጠይቁ።"

ከንፈሯን ነከሰች፣ አልሆነላትም። ሳቋ አመለጣት፤ ለካ ድምፅ አላት፣ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እየሳቅኩ እንባዬ መጣ፤ ያንን ሁሉ ቀን መጽሐፉ ክንዷን ዘርግታ በምትደርስበት ቦታ ነበር።

ልሄድ ስል "ከእርስዎ በኋላ ወረፋ የያዘ ሰው አለ፣ ሲጨርሱ ቶሎ ቢመልሱልን" አለችኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ ብጠይቃትም አትነግረኝም። ወደ መስኮቱ ስዞር ግን ነርሱ ኮምፒውተሩን እያየ በረጅሙ ሲተነፍስ አየሁት። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በሌላ በር ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ማታ

ባለቤቴ የኮቱን ቁልፍ እየተከለ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰሃኔን ከድኖ እንዳስቀመጠ ነው።

"የዚያን ዕለት፣ ክርክሩ ላይ፣ ከጎንህ ያለው ወንበር..." አልኩት።

"እ?"

"የማን ቦታ ነበር?"

መርፌውን አቁሞ አየኝ። "አንቺ ደግሞ። የማን ሊሆን ነው? አንዲት ሴትዮ ሦስቴ ልትቀመጥበት መጥታ ተይዟል እያልኩ ስመልሳት ነበር።"

"ለምን ያኔ አልነገርከኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ?"

በቁጣ አላለውም። ክሩን በጥርሱ በጠሰና ኮቱን አንስቶ ሰቀለው። የተከደነውን ሰሃን ከፍቼ፣ ተቀምጬ፣ ጨርሼ በላሁ። ምን ያህል ጊዜ ቆሜ እንደበላሁ ሳስበው ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ

ትናንት መጽሐፉን ሳነብ አመሸሁ፤ ምዕራፍ ሁለት ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ዕውነቱን ልናገር፣ ጠዋት ስነሳ ለነርሱ ላልነግረው ወስኜ ነበር። የተያዘው ለእኔ ነው፣ ደንቡም ከእኔ ጋር ነው፣ ጊዜዬም አልቋል። አውቶቡስ ውስጥ ግን ያ "ልጅ ይሆናል" ያለው ትዝ አለኝ። ያልታወቀውን ሰው ሲከላከልለት የነበረው እሱ ነው።

ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉን አውጥቼ በመሃላችን አኖርኩት።

ሽፋኑን አየ። "ተመለሰ እንዴ? እንዴት አገኘሽው?"

"ያዡ እኔ ነኝ።"

"ማለት?"

ነገርኩት፣ ከይያዝልኝ እስከ መጸዳጃ ቤቱ። ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም፤ የሕመምተኛ ታሪክ የሚያደምጡት እንደዚህ ይሆናል። የሌሊት ሠራተኛ ዓይን ነው ያለው፣ ቀይ ነው፤ በዚህ ሰው ላይ ስንት ጠዋት እንዳቃጠልኩበት ያን ጊዜ ነው የታየኝ።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። አንቱ ስለው ከርሜ አንተ ማለቴን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

"አልጋ ሥር ነው የሚያስቀምጡት ያልሽው..."

"እሱም ውሸት ነው። ካውንተር ጀርባ ነበር።"

"የእኔ ጽሑፍ ስለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለ። "ሕመምተኞች ሐኪማቸውን ለምን አይጠይቁም። አንድ ወር ሙሉ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ የምትፈልጊው የቱን መጽሐፍ ነው አላልኩሽም። ሄጄም ይሄ መጽሐፍ መቼ ነው የሚመለሰው ብዬ አልጠየቅኩም።" መጽሐፉን ሳብ አድርጎ ከፈተው። "ሁለታችንንም ጽሑፋችን ውስጥ፣ ምዕራፍ አራት ላይ እንደ ምሳሌ ማስገባት ነው።"

ተስማማን። ጠዋት እሱ፣ ከሥራ ወጥቶ ሳይተኛ ስለሚመጣ፤ ከሰዓት በኋላ እኔ። ሹክሹክታ ሰምታ መጽሐፉን ከዚህ እንዳይወጣ አድርጋ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችልን።

ማክሰኞ

ኢሜይሉን ከፈትኩ። ከቤተ መጻሕፍቱ የመጡት መልእክቶች ተደርድረዋል፣ መጀመሪያዎቹ ትሑት ናቸው፣ መጨረሻዎቹ ግን እንደ ተጨነቀ ዘመድ ናቸው። አንዱን እንኳን አላጠፋሁም።

ከሹክሹክታ ጋር ቁጭ ብለን ዋልን። የመጽሔቶቹ መፈለጊያ ላይ የርዕሴን ቃላት እየለዋወጥን እንዴት እንደሚፈለግ አሳየችኝ። እኔ "ዝምታ" ብቻ ስል ነበር የከረምኩት፤ "አለመጠየቅ"፣ "ማፈር"፣ "የክፍል ተሳትፎ" ስትል ጽሑፉ ጎረፈ። አንድ ሁለት ጊዜ ግራ ሲገባት "እሱን እኔም አላውቅም፣ ልጠይቅልዎት" ብላ ስልክ አነሳች። እንዲህ ቀላል ነው ለካ።

ዓርብ

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የጠየቅኩት መጣ። እየጻፍኩ ነው።

ሰኞ

ትንሿን ክፍል አስያዝኩ። በሯ ላይ ወረቀት አለ፤ "ተይዟል" ይላል፣ ከሥሩ የእኔ ቁጥር። እጀታውን ከመያዜ በፊት ቆም ብዬ አየሁት። ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ወንበር። ምዕራፍ ሦስትን ጀመርኩ።

ረቡዕ

አማካሪዬ "አነጋገሯቸው ማለት ነው" አለኝ፣ ምዕራፉን አንብቦ። አዎ አልኩ። ከዚያ ያልገባኝን ነገር ሁሉ ጠየቅኩት፣ ሰዓቱ እስኪያልፍ፣ ሌላ ተማሪ በር እስኪያንኳኳ። ሊያወርደኝ ፈልጎ አልነበረም። እንዲያውም ብዕሩን ይዞ ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አድርጎ ነበር።

ቅዳሜ

ደክሞኛል። ማጣቀሻዎቹን ማስተካከል ብቻ ቀረኝ። ነርሱ ትናንት አስገባ። ሲሰናበተኝ "እንግዲህ መጽሐፉ ጠዋትም ያንቺው ነው" አለኝ። ባዶ ወንበሩን ሳየው ሥራ አልሠራ አለኝ።

ኮምፒውተሩ ላይ ቃሉ ተቀይሯል። ሹክሹክታ "እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አሁን "ለጠያቂው ተቀምጧል" ነው የሚለው። ይሄን ቃል ቤቴ ውስጥ ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ፣ ወቀሳ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ የመጨረሻው

መጠረዣ ቤቱ አዘገየኝ። መዝገብ ቤት ስደርስ ጸሐፊዋ ልትዘጋ ቦርሳዋን አንስታለች። የተጠረዙትን ቅጂዎች ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ። ርዕሱን አነበበች፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። "እኔም ተማሪ እያለሁ አልጠይቅም ነበር" አለችና ማኅተሙን መታችልኝ።

የልጄ የመዝጊያ ውድድር ከተጀመረ ቆይቷል። ዝናቡ ውስጥ ሮጬ ደረስኩ። በሩ ላይ የቆመችው ተማሪ "ሁሉም ቦታ ተይዟል፣ እዚህ ምሰሶው ጋ ይቁሙ" አለችኝ በትሕትና።

መሃል ረድፉን አየሁ። ባለቤቴ በሸሚዝ ብቻ ተቀምጧል። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ኮቱ ተጥሏል።

"አዎ" አልኳት፣ "ለእኔ ነው የተያዘው።"

ሰው እያስነሳሁ፣ ጉልበት እየገፋሁ፣ ይቅርታ እያልኩ ገባሁ። መድረኩ ላይ ያለችው ልጄ አየችኝና ዓረፍተ ነገሯ ጠፋባት፤ ቆይታ አገኘችው። ባለቤቴ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ "ገባ?" አለኝ።

"ገባ" አልኩት። ኮቱን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩና ተቀመጥኩ።